በሌለሁበት የተቆለፈብኝ በር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አጣፍቼ የምሄድ ሴት ነበርኩ። እውነቴን ነው። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በእመቤቴ አምናለሁ፣ ልደታ ማርያም ደጅ ተወልጄ እዚያው ነው ሽበት ያወጣሁት፣ ግን እገሌ ከሞተ በኋላ ታየ፣ እገሊት በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ ተገኘች የሚሉት ነገር ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ አስካለ ይህን ታውቃለች፣ እሷ እንዲህ ያለ ወሬ ነፍሷ ነው፣ እኔ ስመጣ ግን «በቃ የሺ መጣች፣ ስለ ሽንኩርት እናውራ» ትላቸው ነበር። ይኸኛው የራሴ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ፣ አልጨመርኩበትም፣ ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ኩዌት የሄድኩት ለሁለት ዓመት ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የቤታችን ጣሪያ ሊወድቅ ደርሶ ነበር፣ ስለዚህ አንዲት አሮጊት ለመንከባከብ ውል ፈርሜ ሄድኩ። ቤተሰቡ ደግ ነው፣ ክፉ አልናገርባቸውም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አሮጊቷን ሐጂያ እንላቸዋለን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት፣ መርሳትም ጀምረዋል፣ ከእኔ እጅ በቀር እህል አይቀምሱም።

ስሄድ ልጄ ትዕግሥት ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ ከባሏ ጋር እኔው ቤት ቀሩ። ብዙም ሳትቆይ አረገዘች፣ በአምስት ወሯ ፅንሱ ወረደባት። ባሏ ዳዊት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር፣ እሷ ቤት ውስጥ ብቻዋን። «እማዬ፣ ሰው አልነበረም» አለችኝ በስልክ። ሌላ ምንም አላለችም፣ አልወቀሰችኝም፣ ግን ያቺ ቃል ከዚያ በኋላ ስተኛም ስነሳም ከእኔ አልተለየችም።

ሁለተኛ ስታረግዝ ወሩን አብረን ቆጠርን። መውለጃዋ ግንቦት አጋማሽ ሆነ፣ የእኔ ውል ደግሞ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ወር ሙሉ በእጄ አለ ማለት ነው። «እኔ ሳልኖር አትወልጂም» አልኳት፣ ቃል ገባሁላት፣ እመቤቴንም ሌላ ነገር አልለመንኳትም፣ ይህንን ብቻ።

አረብ አገር የሠራች ታውቀዋለች፣ ከመሄድ መመለስ ይብሳል። መጀመሪያ ተተኪዬ እስክትመጣ ጠብቂ አሉኝ፣ እሷ ስትመጣ ደግሞ ሐጂያ ከእሷ እጅ አልበላም ብለው አፋቸውን ገጠሙ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ ማንኪያውን እሷ ይዛ፣ የእኔን ድምፅ እየሰሙ እንዲበሉ አለማመድናቸው፣ ይኼ ብቻ ሳምንት ፈጀ። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃዴ በስሙ የተያዘው የአሠሪዬ የመዳም ወንድም ከአገር ወጥቶ ነበርና የእሱን ፊርማ ጠበቅን። ከዚያ ሻንጣው። ሠላሳ ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ አገር ቤት ያለው ሰው ግን ኪሎ አያውቅም፣ አንዱ ጫማ፣ አንዱ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ አስካለማ «ምንም አልፈልግም፣ አንቺን ብቻ፣ ብረት ድስት ካገኘሽ ግን አይከፋኝም» ብላ ልካብኛለች። ሻንጣውን ሚዛን ላይ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ፣ አንዱን አውጥቼ ሌላውን እከታለሁ፣ በመጨረሻ የራሴን ልብስ በሙሉ ትቼ ብረት ድስቱን ያዝኩ።

ይኼ ሁሉ አልፎ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፣ የመውጫ አሻራ።

ቢሮው ሄጄ ጣቴን መስታወቱ ላይ አደረግኩ፣ ማሽኑ ቀይ አበራ። ሌላውን ጣት፣ ቀይ። አሥሩንም ሞከርን። ሠራተኛው ጣቶቼን ገልብጦ አያቸው፣ እኔም ያኔ ነው በደንብ ያየኋቸው፣ ሁለት ዓመት በበረኪና ታጥበው ጫፋቸው እንደ ብርጭቆ ልሟል፣ መስመር የሚባል የለባቸውም። ሰውየው ኮምፒውተሩን እያየ በፈጣን ዓረብኛ አንድ ነገር አለ፣ አልገባኝም። ከጎኔ ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ተራ ትጠብቅ ነበር፣ «ምን አለ?» አልኳት።

«ሰው የለም ይላል ማሽኑ» አለችኝ።

«እኔ ቆሜ?»

«አንቺ ቆመሽ። አይዞሽ እቴ፣ እኔንም አምና እንደዚሁ አላወቀኝም፣ ቤት ስገባ ባሌም አላወቀኝም» ብላ ሳቀች፣ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፣ ምክንያቱም ትኬቴ ለማግስቱ ነበር።

ዘይነባ መላውን ነገረችኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ እንዳትነኪ፣ ጠዋት ማታ የወይራ ዘይት ተቀቢ፣ የጥጥ ጓንት አድርጊበት፣ መስመሩ ይመለሳል አለችኝ። ትኬቱ ተላለፈ። የግንቦት ልደታን ከልጄ ጋር እውላለሁ ያልኩት እንዲሁ ቀረ። ለትዕግሥት ደውዬ ስነግራት «ችግር የለም እማዬ፣ ገና ሁለት ሳምንት አለኝ» አለች፣ ድምጿ ግን ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ እጄን ተቀምጬ አላውቅም፣ እነዚያን ሦስት ቀናት ግን እጆቼን በዘይት ነክሬ፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ እንደ ሙሽራ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዋልኩ።

ሦስተኛው ቀን የግንቦት ልደታ ዕለት ነው።

በእኛ ሰፈር የግንቦት ልደታ እንዴት እንደሚዋል ታውቃላችሁ፣ ሰው ቤቱ አይቀመጥም፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን እዚያው ቀቅሎ፣ ዳቦውን እዚያው ቆርሶ፣ እመቤታችንን አመስግኖ እዚያው ይበላል። የእኛ እናቶች ደግሞ ጥብቅ ነበሩ፣ ከዚያ ንፍሮ አንዲት ፍሬ ወደ ቤት አይገባም ይሉ ነበር፣ እኛም እንደዚያው ይዘነዋል። የኩዌትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፣ ስለዚህ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አሁን እሳት እያቀጣጠሉ ነው ብዬ አሰብኩ። መዳምና ተተኪዬ ገበያ ወጥተዋል። ሐጂያ ከክፍሌ ፊት ለፊት ባለው ሳሎን ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ የክፍሌ በር ክፍት ነው፣ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እያልኩ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት የድስት ድምፅ ነው። የውሃ መፍላት አይደለም፣ እህል ውስጡ ሲገላበጥ የሚሰማው ያ ከባድ ዱብ ዱብ። ተተኪዬ እሳት ረስታ ይሆናል ብዬ ወደ ማድቤት ሄጄ አየሁ፣ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድምፁ አልቆመም። ቀጥሎ የሴቶች ጉምጉምታ መጣ፣ ቃሉ አይለይም፣ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ሲያወሩ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማው ያለ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ከታች የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው፣ ሰው የለም። ዘጋሁት።

ያኔ ነው ግድግዳው ላይ ጥላውን ያየሁት። የማታ ፀሐይ ትገባ ነበር፣ ከብርሃኗ መሐል ግን አራት ቀጥ ያሉ የብረት ጥላዎች ወርደዋል። የክፍሌ መስኮት ብረት የለውም፣ ወለል ያለ መስታወት ነው። ልደታ ያለው ቤቴ መስኮት ነው አራት ብረት ያለው፣ ባለቤቴ በእጁ ያስበየደው፣ ሦስተኛው ትንሽ የተጣመመ። ጥላው ላይ ሦስተኛው ተጣሟል።

አልፈራሁም ስላችሁ እመኑኝ። ግራ ገባኝ እንጂ አልፈራሁም። አማተብኩ። ወዲያው ከጎኔ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ጥርሱን ነክሶ ሕመም የሚያሳልፍ ሰው ትንፋሽ፣ የወለደች ሴት አትስተውም፣ ቀጥሎም ግራ እጄን አንጓዬ ላይ አንድ እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። አየሁ፣ ማንም የለም። እጁ ግን አለ፣ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጋ እንደሚባለው፣ «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ መሽቶ ነበር፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። ጓንቶቹ ወልቀው፣ ተጣጥፈው ትራሴ ላይ ተቀምጠዋል። በዘይት የነከርኳቸው እጆቼ ደርቀዋል፣ ዘይት የሚባል የለባቸውም። መብራት አበራሁ፣ አንጓዬ ላይ አራት የጥፍር ምልክት አለ፣ የአንዱ ደም ቋጥሯል።

ሐጂያ ከሳሎን ይጣራሉ። ስሄድ ተቆጥተው ጠበቁኝ፣ የት ሄደሽ ነው፣ ስጠራሽ ስጠራሽ ዋልኩ አሉኝ። ክፍሌ ነበርኩ አልኳቸው። «ክፍልሽን እያየሁት ነው የዋልኩት» አሉ፣ «አልጋሽ ባዶ ነበር።» እንግዲህ እሳቸው የልጃቸውንም ስም የሚረሱበት ቀን አለ፣ ምስክር አይሆኑም ብዬ ተውኩት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ዳዊት ደወለ። «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሴት ልጅ ናት» አለ፣ ከአዳማ እየገሰገሰ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ማርያም ማረቻት አለኝ። ተንበርክኬ እያለቀስኩ ሳመሰግን፣ «ግን የት ሄዱ? እትዬ አስካለ ቤቱን ሲከፍቱ አጡዎት፣ በጣም ደንግጠዋል» አለኝ።

«የት እሄዳለሁ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ።»

«እዚሁ የት?»

«ኩዌት ነዋ።»

 ከመኪናው ውስጥ የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል፣ ሲታጠፍም ከታጠፈ በኋላም። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «እሺ እማማ፣ ግርግር ነው፣ ተሳስተው ይሆናል» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሄጄ ጣቴን መስታወቱ ላይ አደረግኩ፣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ አበራ። አሥሩም አለፉ።

ልደታ የገባሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሚኒባሱ ከፍርድ ቤቱ ፊት አወረደኝ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ሰፈር ስታጠፍ አስካለ ሱቁ በር ላይ አየችኝ፣ እልል ትላለች ስል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ደግሞ በየት በኩል ልትገቢ ነው?» አለችኝ። አኩርፋ ነበር። መጥተሽ፣ ሰላም እንኳ ሳትይን፣ የቆለፍኩብሽን በር ከፍተሽ ተመልሰሽ ሄድሽ፣ ምን አድርገንሽ ነው የምትደበቂን አለችኝ። ፓስፖርቴን አውጥቼ የመውጫውን ማኅተም አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቀኑን አነበበች፣ ገልብጣ ሽፋኑን አየች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብላ እሷ ጎተተችው።

ማታ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። የልደታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትዕግሥትን ውጪና ንፍሮ ብዪ ብትላት ወገቤን አሞኛል፣ ልተኛ አለቻት። ሁሉም ሰው ደጅ ነው፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢጣራ አይሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ እኔ በመሐላቸው አልፌ ስሄድ አየችኝ። በነጠላ ተከናንቤ ነበር፣ ሰላምታ አልሰጠሁም፣ አስካለ ግን በደስታ ትኩስ ንፍሮ ዘግና እጄ ላይ አደረገችልኝ፣ እጅሽ በቅባት ተነክሮ ነበር፣ ፍሬው ተጣበቀበት ትላለች። ንፍሮውን ጨብጬ ወደ ቤት ስገባ «አንቺ፣ ወደ ቤት አይገባም፣ ዓረብ አገር ሄደሽ ረሳሽው?» ብላ ከኋላዬ ጮኸች፣ ዞር አላልኩም።

ጥቂት ቆይቶ ትዕግሥት በር ላይ ብቅ አለች፣ በሩን ተደግፋ፣ ውሃዋ ፈሶ። ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፣ አስካለ ታክሲ አስቆመች፣ በግርግሩ የቤቱን በር ስባ ጓጉንቸሩን ቆለፈችው፣ በልማድ፣ ሳታስብ። ሰንጋ ተራ ሲደርሱ ነው «ወይኔ የሺን ቆለፍኩባት» ያለችው። ጤና ጣቢያ እንደደረሱ ሕፃኗ ተወለደች፣ እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነበር፣ አዋላጇ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብላ ቀሪውን ሳትጨርስ ተወችው። አስካለ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ቤቱ ባዶ ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ባለ ብረት። አልጋው ጫፍ ላይ ንፍሮው ተዘርግፎ ተቀምጧል፣ አንዲትም ፍሬ አልተበላም። እሷ ከሰው መጥፋት ይልቅ የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ መገኘቱ ነው ያስደነገጣት፣ በዕቃ ይዤው አልወጣም ብላ በነጠላዋ ጫፍ ለቅማ፣ ደጅ አውጥታ ለወፍ በተነችው።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ፣ አራስ ቤት ስለሆንኩ ወደ ውስጥ አልገባሁም፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠብቄ አገኘኋቸው። ሁሉንም ሰሙኝ። ልጅሽ ድናለች፣ ልጇ ድናለች፣ ለዚህ አመስግኚ፣ የቀረውን አትመርምሪ አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። እመቤቴ ናት ለማለት አልደፍርም፣ እኔ ማን ነኝ መልኬን የምትይዘው። እኔ ነኝ ለማለትም አልችልም። አመሰግናለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ከልጄ ጋር ግን እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም ነበር። ስገባ አቅፋኝ አልቅሳ ነበር፣ አንዴም ግን እንዴት መጣሽ፣ እንዴት ሄድሽ አላለችኝም። በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን አጥበን ስታጠባት፣ እኔ ራሴ ጀመርኩት። ልጄ፣ ያን ቀን አልመጣሁም እኮ አልኳት።

«እትዬ አስካለ ነግረውኛል» አለች፣ ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ።

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ ብትጣራ የሚሰማት አልነበረም፣ እንደ መጀመሪያው ሆነ ብላ ተስፋ ቆርጣ ሳለ ገባሁ። ወገቧን አሸሁላት፣ እጄ በዘይት ለስልሶ ነበር፣ ቁርጠቱ ሲበረታ አንጓዬን ይዛ ጨመቀችው፣ እኔ ማርያም ማርያም አልኩላት። ከዚያ ተነሺ ብዬ፣ ደግፌ እስከ በሩ አደረስኳት። በድምፅሽም፣ በጠረንሽም አንቺ ነበርሽ አለችኝ። እኔም እጄን አላሳየኋትም፣ ምልክቱ ጠፍቶ ነበር፣ ኖሮም ቢሆን አላሳያትም ነበር።

«ሌላስ ምን አልኩሽ?» አልኳት።

 ሕፃኗን ከጡቷ አላቅቃ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፣ እስክታገሳ ጠበቀች።

«አንድ ነገር ነግረሽኛል» አለች፣ «በር ላይ ስንደርስ፣ በጆሮዬ።»

«ምን?»

«ልነግርሽ አልችልም እማዬ። አስምለሽኛል።»

«ለማን እንዳትነግሪ?»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ልጄ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ፣ እንደዚያ አይታኝ ግን አታውቅም፣ አዝናልኝ ነበር፣ ወይም የሆነ ነገር ከፊቴ ላይ እየፈለገች ነበር።

«ለአንቺ» አለች። «ብጠይቅሽ፣ ብለምንሽ፣ ባለቅስም እንኳ ለእኔ እንዳትነግሪኝ አልሽኝ።»

አልለመንኳትም። ማርያምን ጠርታ ከማለች ማፍረሷን አልፈልግም፣ እኔ ነኝ መሐላ እንዳይፈርስ ያስተማርኳት። አሁን ሕፃኗ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ክርስትናም ተነስታለች፣ ታድጋለች፣ ትስቃለች። መዳም ደጋግማ ትደውላለች፣ ሐጂያ እየጠየቁሽ ነው፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ተመለሺ ትለኛለች፣ ስልኩን ስዘጋ ትዕግሥት ሁልጊዜ በሩ ጋ ቆማ አገኛታለሁ፣ ሂጂም አትሂጂም አትለኝም። ባለፈው እሑድ ልብስ ስናሰጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፣ ነገሩን ሳይሆን፣ ደግ ነው ወይስ ክፉ ብቻ ንገሪኝ አልኳት። የሕፃኗን ቀሚስ ገመዱ ላይ አድርጋ፣ እጥፋቱን አስተካክላ፣ መቆንጠጫውን ሰካችበት።

«እኔ እንጃ እማዬ» አለች። «ስትነግሪኝ ግን ፈገግ ብለሽ ነበር።»